የአያ ተክሌ የመጨረሻው ሰም

ወናፌን ለሰው ከሰጠሁ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጭሱ ደረቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ብሏል፣ ደግሞም ሥራው ራሱ አንኮበርን ትቶ ሄዷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ንጉሡ ግቢያቸውን ወደ እንጦጦ ሲያዛውሩ ጋሻ ሠሪውም፣ ኮርቻ ሰፊውም፣ አንጥረኛውም ጓዙን ጠቅልሎ ተከተለ። ና አብረን እንሂድ ያሉኝ ነበሩ። በዚህ ዕድሜዬ የማላውቀውን ጎረቤት ልለምድ? አልሄድም ብዬ ቀረሁ። አሁን ጠዋት እነሣና ፍሙን ልቆሰቁስ ወደ ጓሮ እወጣለሁ፤ ፍም የለም፤ እዚያው ቆሜ እቀራለሁ።

የምለውን የሚጽፍልኝ የልጄ ባል ነው፤ ደብተራ ነው፤ ቃል ማሳመር ይወዳል። «አባቴ፣ ይህችን እንዲህ ብናደርጋትስ?» ሲለኝ፣ እኔ ያልኩህን ብቻ ጻፍ፣ የተረፈህን ለማኅሌትህ አቆየው እለዋለሁ። ይስቃል። ግን አንዳንዱን በጎን ሳያሾልክ አይቀርም።

አንጥረኛ ነኝ። ናስና ብር አቅልጬ ዕድሜዬን ሙሉ መስቀል ሠርቻለሁ። የአገሩ ሰው እኛ በመንገድ ስናልፍ ልጁን ነጠላው ውስጥ ይደብቃል፤ ዓይናቸው ይበላል ይላል። እሑድ ደግሞ እኛ የሠራነውን መስቀል በግንባሩ ይሳለማል። ወጣት ሳለሁ ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ያስቀኛል። ኧረ ውሸቴን ነው፤ አሁንም ያናድደኛል።

ሥራ የጀመርኩት ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱን ያየ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጉጠት ስትይዝ እጅህን ይዞ አይለቅም። ለበቅሎ ቃጭልና ለልጓም ጌጥ ናስ እናቀልጥ ነበር። ድርጓችን በዓመት የተወሰነ ገብስና አንዲት ኩታ ነበረች። የበላያችን አንድ አዛዥ ነበሩ፤ ድምፃቸው ትልቅ፣ ትዕግሥታቸው ትንሽ። አንድ ቀን አንድ ገበቴ ሙሉ ስባሪ ናስ ሰፍረው ሰጡኝና አቅልጬ እንደ ሙልሙል አድርጌ እንዳስረክብ አዘዙኝ። አቀለጥኩ፣ አስረከብኩ። ሙልሙሎቹ ገበቴው ውስጥ ሲገቡ ግማሹን እንኳ አልሞሉም። አዛዡ ገበቴውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ግማሹን በልተሃል ብለው እጄን የፊጥኝ አሳሰሩኝ። ከመማል በቀር ሌላ መከላከያ አልነበረኝም፤ የጠይብ መሐላ ደግሞ ማን ይሰማል።

ያን ቀን ከአንኮበር ናስ ሊወስዱ የመጡ አንድ ቀጭን ሽማግሌ እዚያው ቆመው ያዩ ነበር። አያ ተክሌ ይባላሉ። ከአዛዡ ጋር አልተከራከሩም። ያንኑ ገበቴ በስባሪ ናስ እንደገና አስሞሉና ውሃ በቅል አስመጡ። ከዚያ ቀስ እያሉ በስባሪው ላይ ያፈሱ ጀመር። አንድ ቅል ገባ፣ ሁለተኛውም ገባ፣ ገበቴው አሁንም አልፈሰሰም። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። በመጨረሻ ውሃው ጫፍ ሲደርስ ቅሉን አስቀመጡና ለአዛዡ እጅ ነሥተው፣ «ጌታዬ፣ ናስ ብለው ከሰጡት ከግማሽ የሚበልጠው ነፋስ ነበር፤ ይህ ሰው ያጎደለው እሱን ነው» አሉ።

አዛዡ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ አስፈቱኝ። በማግስቱ ጓዜን በትከሻዬ አንጠልጥዬ ከአያ ተክሌ ኋላ ኋላ ወደ አንኮበር ሄድኩ። ና አላሉኝም፤ ሂድም አላሉኝም። መንገዱን ሙሉ ያወሩኝ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቦታ መሙላትና መክበድ አንድ አይደለም፣ ሰው እነዚህን ሁለቱን ሲያምታታ ወይ ይታሰራል ወይ ያሳስራል ይሉኝ ነበር።

እሳቸው ጋ ሃያ ምናምን ዓመት ኖርኩ። እንደሳቸው ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ እንደማላይም አውቃለሁ። በአፋቸው ጥግ ሁልጊዜ አንዲት የግራር እሾህ አለች፤ ሰም የሚቀርጹባትም ጥርሳቸውን የሚጎረጉሩባትም እሷው ነች። ሲመዝኑ በር ያዘጋሉ፣ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ሚዛኑ እስኪረጋ ድረስ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ባለቤታቸው እመት አስካለ እንኳ ወጥ እያማሰሉ ከሆነ ማማሰያውን ያቆማሉ። አያ ተክሌ ጎሽ ማለት አያውቁም። ሥራህ እጅግ ካማረ «አይከፋም» ይላሉ፤ ያቺን «አይከፋም» ለማግኘት ሰው ሳምንት አይተኛም። እኔን ደግሞ በችኮላዬ መተረብ ይወዱ ነበር። እናትህ ሆድ ውስጥም ዘጠኝ ወር ሙሉ የተቀመጥክ አይመስለኝም ይሉኛል።

ሥራው እንዲህ ነው። መስቀሉ መጀመሪያ በሰም ይቀረጻል። ሰሙ ላይ በከሰል ዱቄትና በእበት የታሸ ለስላሳ ጭቃ ይቀባል፣ ሲደርቅ ደግሞ ሌላ ጭቃ፣ ከዚያ ሌላ። እሳት ላይ ሲቀመጥ ሰሙ ቀልጦ ጭቃው ላይ በተተወችው ቀዳዳ፣ በመፍሰሻው፣ ይወጣና የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል። የቀለጠው ናስ ወይም ብር ያንን ቦታ ይሞላል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል። ሰሙ አንድ ነው፣ ጭቃው አንድ ነው፣ የሚፈስሰውም አንዴ ነው። ስለዚህ ጭንቁ፣ ይህን ቦታ ለመሙላት ስንት ወቄት ናስ፣ ስንት ወቄት ብር ያስፈልጋል የሚለው ነው። ካነሰ መስቀሉ ጭቃው ሆድ ውስጥ ጎድሎ ይቀራል፤ ሰሙን ደግሞ እሳት በልቶታል።

አያ ተክሌ ሁለት መንገድ ነበራቸው፤ አንዱን ብቻ ይዘው አፍስሰው አያውቁም። የመጀመሪያው በሚዛን ነው። ሰሙን ይመዝናሉ። ናስ ያንኑ ቦታ ሲይዝ ከሰም ዘጠኝ እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ ለናስ በዘጠኝ ያባዛሉ፣ ለመፍሰሻው ትንሽ ይጨምራሉ። ሁለተኛው በውሃ ነው። አንድ ጎድጓዳ ሸክላ እስከ አፉ ውሃ ይሞሉና ሰፋ ባለ ሳህን ላይ ያስቀምጡታል። ሰሙን ውሃው ውስጥ ያደርጉታል። ሰም ይንሳፈፋልና በዚያች በእሾሃቸው ጫፍ ቀስ ብለው ወደ ታች ይጫኑታል። የፈሰሰውን ውሃ በቀንድ ዋንጫ ይቀበሉና ልኩ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ከዚያ ሸክላውን እንደገና ሞልተው የናሱን ቁራጭ አንድ አንድ እያሉ ይጨምሩበታል፤ የሚፈስሰው ውሃ ያ ምልክት ላይ ሲደርስ ያቆማሉ። ማባዛት የለ፣ መገመት የለ። ሁለቱ መንገድ ከተስማሙ ወናፉን እንነፋለን። ካልተስማሙ ምሳ የለም፤ የተሳሳትነውን እስክናገኝ ቁጭ ነው።

እኔ የሠለጠንኩት በናስ ነው። ከጫጫም፣ ከእነዋሪም፣ ከቆላውም ለገጠር ደብር የሚሆን የናስ መስቀል ይታዘዛል፤ ሰሙን እመዝናለሁ፣ በዘጠኝ አባዛለሁ፣ አፈስሳለሁ። በዘጠኝ ማባዛት እንቅልፌም ላይ ቢሆን አልስትም ነበር። ብር ግን የሳቸው ነበር። ለማንም አይሰጡትም። ሲያፈስሱ አጠገባቸው ወናፍ እነፋለሁ እንጂ ቁጥሩን እሳቸው በልባቸው ይዘው ይሠሩታል። ብር ከናስ ይከብዳል፤ ያንኑ ቦታ ለመሙላት ከሰሙ አሥራ አንድ እጥፍ ይፈልጋል። ይህን አልነገሩኝም ማለት አልችልም። አንድ ቀን ነግረውኛል፣ እኔም አዎን ብያለሁ፣ ወናፉንም መንፋቴን ቀጥያለሁ።

ከዚያ ዓይናቸው ይደክም ጀመር። መጀመሪያ ሰምን ከጥላው መለየት አቃታቸው፣ ከዚያ በፀሐይ ካልሆነ አላይም አሉ፣ ከዚያ ፀሐዩም አልረዳቸውም። ግቢው ከአንኮበር ሊነሣ ነው የሚባልበት ጊዜ ነበር። ከጎረቤላ በታች ቁልቁለቱ ላይ ካለች አንዲት የማርያም ደብር አንድ ቄስ መጡ። የሰበካው ሴቶች አምባራቸውን፣ አልቧቸውን፣ ድሪያቸውን አዋጥተው ለኅዳር ጽዮን የብር መስቀል እንዲሠራላቸው ይለምናሉ። አያ ተክሌ እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ሰሙን እኔ እሠራዋለሁ፣ ከዚህ በኋላ ግን አልሠራም አሉ። የቀረውን ለኔ ተዉት።

ሃያ ቀን በጣታቸው ሠሩት። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ ሰሙን ለብ ባለ ውሃ እያለሰለሱ፣ እንደ ክር እያድቦለቦሉ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየሸመኑ። ዓይናቸው ወደ ሰሙ እንኳ አያይም፤ ወደ ቆላው ነው። እመት አስካለ ምሳ ይብሉ ሲሏቸው አይሰሙም። ሲጨርሱ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፤ እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ነው የሰጡኝ።

እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ልቤ አብጦ ነበር። ሰው ሁሉ እንጦጦ ስለሚሄደው አንጥረኛ ያወራል፤ እኔ በዚያ ዕድሜዬ ያያ ተክሌ ወናፍ ነፊ እየተባልኩ መኖሬ ይቆረቁረኝ ነበር። ጨርቁን ገለጥኩ፣ ሰሙን ሚዛን ላይ አደረግሁ። አራት ወቄት ከአሥራ ሁለት የገብስ ፍሬ። በዘጠኝ አባዛሁ፣ ሠላሳ ስድስት ምናምን፣ ለመፍሰሻው ሲጨመር ሠላሳ ዘጠኝ። ሴቶቹ ያዋጡት ደግሞ አምሳ ሁለት ወቄት ነው። ቄሱን አስጠራሁና አንድ ድሪና ሁለት አልቦ መለስኩላቸው። በረከት ተርፏችኋል አልኳቸው፤ ደረቴን ነፍቼ። አያ ተክሌ መስቀሉ ከጭቃ ወጥቶ በእጃቸው ሳይዳብሱት በፊት ትርፍ መልሰው አያውቁም ነበር።

ጭቃውን ቀባሁ፣ አደረቅሁ፣ ከሰሉን አቀጣጠልኩ። አያ ተክሌ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ጭሱን ያሸታሉ። ሰሙ ይንጠባጠብ ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«በውሃ አይተኸዋል?»

«አዎን አያ፣ አይቻለሁ» አልኩ።

አላየሁም ነበር። ውሃ መቅዳቱ፣ እሾህ መያዙ፣ ጠብታ መጠበቁ የጀማሪ ሥራ መስሎኝ ነበር። በዓሉም ደርሶብናል፣ ቄሱም ደጅ ቆመዋል። ያቺን «አይቻለሁ» ስል ድምፄ እንኳ አልተለወጠም። እሳቸው እራሳቸውን ነቀነቁ፤ አመኑኝ። ሰሙ ቀለጠ፣ ወጣ፣ ፍሙ ላይ ነደደ።

ብሩን ሳፈስስ ጆሮዬ ነገረኝ። ጭቃ ሲሞላ ድምፁ ይለወጣል፣ መፍሰሻው አፍ ላይ ብሩ ያበራል። አልተለወጠም፣ አላበራም። ማቅለጫው ባዶ ሆነ፤ መፍሰሻው አሁንም ጥቁር ጉድጓድ ነው። አያ ተክሌም ሰምተውታል፤ እሾሃቸውን ከአፋቸው አወጡ።

ሲበርድ ጭቃውን ሰበርኩ። መስቀል ሲፈስስ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ነው፤ ብሩ መጀመሪያ ራሱን ይሞላል። ራሱና ክንዶቹ በሙሉ ወጥተው ነበር፤ ያንን የመሰለ ሥራ በሕይወቴ አላየሁም። ከክንዶቹ በታች ግን፣ እጀታው ከሚገባበት በላይ፣ ብሩ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ተቋርጦ ነበር። ታቹ የለም።

«አምጣው» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ከራሱ ጀመሩ። ጣታቸው በእያንዳንዷ ሽመና ላይ ቀስ እያለ ወረደ፣ ክንዶቹን አለፈ፣ የተቀደደው ላይ ሲደርስ ቆመ። ጠርዙ ሹል ነበር፤ አውራ ጣታቸውን ቆረጠው። አላነሡትም።

«በስንት አባዛኸው?»

«በዘጠኝ።»

«ውሃውስ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ነው። አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ፣ በጉጠቱ ቢመቱኝ ኖሮ ዛሬ እንዲህ አይከብደኝም ነበር። ተነሡ፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ቤት ገቡ።

በማግስቱ ጎረቤላ ወርጄ ቄሱን ትርፍ ያልኩትን እንዲመልሱልኝ ለመንኩ። ድሪውን የሰጠችው ሴትዮ ድጋሚ ከአንገቷ አውልቃ እጄ ላይ ስታደርግ ምን ሆነ ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። ተመልሼ ስመጣ አያ ተክሌ ሰም ለብ ባለ ውሃ አስነክረው፣ ጎዶሎውን መስቀል ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። ነገሩን አስበውበታል። ላዩን አናፈርሰውም፣ ታቹን በሰም እንቀጥልበትና ሌላ ጭቃ ቀብተን የጎደለውን ብቻ እናፈስሳለን አሉ። ደስ አለኝ። ዳነ አልኩ በልቤ። ከዚያ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ።

«እኔ በጣቴ ነው የሠራሁት፤ ጣት ደግሞ አንዴ ካለፈ ያለፈበትን አያስታውስም። አንተ ዓይን አለህ፤ ሰሙ እጅህ ላይ ነበር። ታቹ እንዴት ነበር? ንገረኝ፣ እኔ እሠራዋለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። ጨርቁን ስገልጥ ትዝ ይለኛል። ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጠው ትዝ ይለኛል። ጭቃውን በገዛ እጄ በዚያው በታቹ ላይ ቀብቻለሁ፤ ያየሁት ግን ጭቃው አረፋ እንዳይዝ ነበር። አንዲት ነገር ነበረች፣ ከክንዶቹ በታች በቀኝ በኩል፣ ከሽመናው ወጣ ያለች ትንሽ ነገር። ቅጠል ትሁን ወፍ፣ ቋጠሮ ትሁን የሰው እጅ አላውቅም። የሚወጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«አራት ወቄት ከአሥራ ሁለት የገብስ ፍሬ ነበር» አልኩ።

«ክብደቱን አልጠየቅሁህም» አሉኝ አያ ተክሌ።

ሰሙን ወደኔ ገፉት። ታቹን እኔ ሠራሁት፤ በየገጠሩ ደብር እንደምሠራው፣ ሁለት ተራ ሽመና፣ ከዚያ ቀጥ ያለ እጀታ። ጭቃ ከመቀባቴ በፊት በሩን ዘጋሁ፣ ሸክላውን ሞላሁ፣ መስቀሉ ላይ የቀጠልኩት ሰም ብቻ ውሃው ውስጥ እንዲገባ አድርጌ አጠለቅሁት። እሳቸው ጥግ ሆነው ጠብታውን በጆሯቸው ይቆጥራሉ። ብሩን አንድ አንድ እያልኩ ጨመርኩ። ምልክቱ ላይ ሲደርስ በቃ አሉኝ፤ እንዴት እንዳወቁ እንጃ። የፈሰሰው ልክ ሆነ። መጋጠሚያው ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ብቻ ቀረች።

ለበዓሉ ዋዜማ ቄሱ መጥተው መስቀሉን ሲያዩ እንባቸው መጣ። ይህ ያያ ተክሌ እጅ ነው፣ ማንም አያሳስተኝም አሉ። አያ ተክሌ መስቀሉን ተቀብለው በጣታቸው መስመሯን ፈለጉ፣ አገኙ፣ የቄሱን ጣት ይዘው እዚያው ላይ አደረጉት። ከዚህ በላይ የኔ ነው፣ ከዚህ በታች የሱ ነው አሏቸው። ቄሱ ለኔ የተሰጠ ክብር መስሏቸው ትከሻዬን መቱ፤ እንዲህ ያለ መምህር ያለው ሰው የታደለ ነው አሉኝ። ወጥቼ ከጓሮ ከሰል ክምሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አያ ተክሌ የሚቀጥለውን ክረምት አልጨረሱም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠራሁ፤ ብርም አፈሰስኩ፣ በአሥራ አንድም አባዛሁ፣ በውሃም ሳላየው ያፈሰስኩት አንድ የለም። ሰው ጎበዝ ይለኛል። «አይከፋም» የሚለኝ ግን የለም። እሳቸው ይናፍቁኛል፤ ተረባቸው ይናፍቀኛል፤ ሚዛን ሲረጋ የነበረው ዝምታ፣ እመት አስካለ ማማሰያውን ይዘው ሲጠብቁ፣ ያ ሁሉ ይናፍቀኛል። ሌሊት ተኝቼ ያንን ጨርቅ ደጋግሜ እገልጠዋለሁ፤ ሁልጊዜ ክንዶቹ ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል።

ማርያም ስትነግሥ ዱላዬን ይዤ ጎረቤላ እወርዳለሁ። ሕዝቡ መስቀሉን በራሱ በኩል፣ አያ ተክሌ በሠሩት በኩል ይሳለማል። እኔ ተራዬ ሲደርስ ጎንበስ ብዬ ከመስመሯ በታች እሳለማለሁ። ቄሱ ትሕትና ይመስላቸዋል። እኔ ግን እዚያ ምን እንደነበረ እየጠየቅሁ ነው።